በየቀኑ እየጻፍኩ አንባቢ ለምን አጣሁ? ለአንድ የድሬዳዋ ጦማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ስለ ድሬዳዋና ስለ ሐረር ታሪክና ባህል በአማርኛ የሚያትት ብሎግ ከከፈትኩ አንድ ዓመት አልፎኛል። ጎግል በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ይወዳል ስለተባልኩ በየቀኑ አጠር ያለ ጽሑፍ አወጣለሁ፤ ሊንኩንም ባገኘሁት የፌስቡክ ግሩፕ ሁሉ እለጥፋለሁ። ሆኖም በቀን ከሠላሳ ሰው በላይ አይገባም፤ አብዛኞቹም ጓደኞቼ ናቸው። ወደ እንግሊዝኛ ልቀይረው? በቀን ስንት ጽሑፍ ላውጣ? የጎግል ማስታወቂያስ መቼ ነው የሚከፍለኝ?»

ምላሽ፦ «ጎግል በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ይወዳል» የሚለው ምክር መሠረት የለውም። ጎግል አንድ ብሎግ በሳምንት ስንት ጽሑፍ እንዳወጣ ቆጥሮ ደረጃ አይሰጥም። ሥራው ገጾችን ማንበብና መመዝገብ፣ ከዚያም አንድ ሰው ጥያቄ ጽፎ ሲፈልግ ለዚያ ጥያቄ የተሻለ መልስ ይዟል ብሎ የገመተውን ገጽ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ቶሎ ቶሎ ማውጣት የሚጠቅመው የዕለት ዜና ለሚዘግብ ሰው ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ስለ ከተማ፣ ስለ ታሪክና ስለ ባህል ለሚጽፍ ሰው ግን በየቀኑ የመጻፍ ግዴታ ጉዳቱ ያመዝናል። መደበኛ ሥራ ያለው ሰው በየምሽቱ አንድ ነገር ማውጣት ሲኖርበት ወደ ቦታው ሄዶ ለማየትም ሆነ የሚያውቅ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ ስለማያገኝ፣ ሌላ ቦታ ያነበበውን አሳጥሮ ከመድገም በቀር ምርጫ አይኖረውም። ከጥያቄዎ ጋር የላኳቸው ርዕሶች ይህንኑ ያሳያሉ፦ «ድሬዳዋ፣ የበረሃዋ ንግሥት»፣ «የጀጎል ግንብ ታሪክ»፣ «ራምቦ በሐረር»፣ «ጅብ የሚቀለብባት ከተማ»። ጽሑፎቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም አንባቢ ያጡት። በእነዚህ ርዕሶች ሥር ያለው መረጃ በመቶ ሌሎች ገጾች ላይ ስለሚገኝ፣ ጎግልም ሆነ አንባቢው ከእነዚያ መካከል የእርስዎን የሚመርጥበት ምክንያት አልተሰጠውም።

ስለ ጀጎል፣ ማለትም ስለ ሐረር ጥንታዊ ግንብ፣ የጻፉትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እርስዎ ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጋር ያያይዙታል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት እንደመዘገበው ይናገራሉ፤ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮች እንዳሉ ይጠቅሳሉ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሁሉም ግን በዩኔስኮ ገጽ፣ በዊኪፔዲያና በየአስጎብኚ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። ከሳቢያን ተነስቶ በአንድ ሰዓት ገደማ ጀጎል የሚደርስ ጸሐፊ ሩቅ አገር ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው የሌለውን ነገር መያዝ ሲችል፣ እዚያ ያለውን ብቻ መድገሙ ያሳዝናል።

በቅርብ ያለ ሰው ምን ሊጨምር እንደሚችል ለማሳየት የግንቡን በሮች ብቻ እንመልከት። አምስቱ ጥንታዊ በሮች በሐረሪዎች ዘንድ አንድ ስም፣ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሌላ ስም አላቸው። አስመዲን በሪ የሚባለው በአማርኛ ሸዋ በር ነው፤ በድሮ በሪ ቡዳ በር፣ ሱቁታት በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አሱም በሪ ደግሞ ፈላና በር ይባላሉ። በኋላ ዘመን የተከፈተውና ብዙ እንግዳ የሚገባበት ሐረር በር ስድስተኛው ነው። እንግዳው «ሸዋ በር አካባቢ ቤት አለ» ተብሎ ካርታው ላይ ሲፈልግ ሌላ ስም ያገኛል፤ የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ በሦስተኛ ስም ይጠራዋል። ስድስቱንም በሮች በየስማቸው አቀናጅቶ፣ የእያንዳንዱን ፎቶግራፍ ጨምሮ፣ በየትኛው በር ገብቶ ወደ የትኛው ገበያ ወይም ሙዚየም መድረስ እንደሚቀል የሚያስረዳ አንድ ገጽ፣ በሌሎች ጸሐፊዎች ከሚደጋገመው የግንብ ታሪክ አሥር ጊዜ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ገጽ ለመጻፍ ግን ግንቡን በእግር መዞርና በየበሩ ቆሞ መጠየቅ ይጠይቃል፤ በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ለዚህ ቀን አይተርፈውም።

ሁለተኛው ጥቅም ትክክለኛነት ነው። ስለ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ የጻፉት «በዚህ ቤት ይኖር ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዟል። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር መጥቶ በየጊዜው እየተመላለሰ እስከ 1891 በንግድ እንደሠራ የታወቀ ቢሆንም፣ ዛሬ በስሙ በሚጠራው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት መኖሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። ይህን ቁም ነገር ለይቶ የሚጽፍ ሰው አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ያተርፋል፤ ጠንቃቃ አንባቢ ደግሞ የእርስዎን ገጽ ሌላ ቦታ ላይ እየጠቀሰ ያስተዋውቅልዎታል። ሌሎች ድረ ገጾች በራሳቸው ፈቃድ ወደ እርስዎ ገጽ ሊንክ ማድረጋቸው ጎግል አንድን ገጽ ከሚመዝንባቸው ምልክቶች አንዱ እንደመሆኑ፣ በግሩፕ ውስጥ ከመለጠፍ ይልቅ ይህ ብዙ ያስኬዳል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት «በቀን ስንት ላውጣ?» ብለው ሳይሆን «ሰዎች ስለ ድሬዳዋና ስለ ሐረር ምን ይጠይቃሉ፣ ከጥያቄዎቻቸውስ በአማርኛ መልስ ያላገኙት የትኞቹ ናቸው?» ብለው ነው። ይህን ለማወቅ ሚስጥራዊ መሣሪያ አያስፈልግም። በጎግል መፈለጊያ ላይ «ድሬዳዋ» ብለው ጽፈው ትንሽ ቢቆዩ፣ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጓቸውን ቃላት ራሱ ይዘረዝርልዎታል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅዎትን ያስታውሱ። ባቡሩን እንውሰድ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 የጂቡቲው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ እንደሆነ ሁሉም ይጽፋል፤ ነገር ግን በአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚመጣ መንገደኛ የሚወርደው ከዚራ ባለው አሮጌው ጣቢያ ሳይሆን ከመሀል ከተማው ራቅ ባለው አዲሱ ጣቢያ መሆኑን፣ ከዚያም ወደ ከተማ በምን እንደሚገባ፣ ትኬቱንም የት እንደሚቆርጥ በአማርኛ በግልጽ የሚያስረዳ ገጽ ቢኖር መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል።

አንድ ጽሑፍ ከርዕሱ ጀምሮ እንዴት እንደሚለወጥ በምሳሌ ላሳይ። ስለ ሁለቱ ከተሞች ጉዞ የጻፉት ጽሑፍ ርዕሱ «ከበረሃዋ ንግሥት ወደ ቅጥር ከተማዋ» ሲሆን እንዲህ ይጀምራል፦ «ምሥራቅ ኢትዮጵያ የፍቅር፣ የመቻቻልና የአብሮነት ተምሳሌት ናት። ድሬዳዋና ሐረር እንደ እህትማማች ተያይዘው ለዘመናት የኖሩ ከተሞች ናቸው።» በዚህ ውስጥ ሐሰት የለም፤ መረጃም የለም። ርዕሱን ማንም ሰው በመፈለጊያ ላይ አይጽፈውም፤ አንባቢውም ሁለት ዓረፍተ ነገር አንብቦ ምንም ስላላገኘ ይወጣል። በምትኩ ርዕሱ «ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ፦ መነሻው፣ ታሪፉና የመጨረሻው መኪና» ቢሆን፣ የመጀመሪያው አንቀጽም ሚኒባሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ታሪፉ ስንት እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት መኪና እንደሚገኝ በቀጥታ ቢናገር፣ አንባቢው የመጣበትን አግኝቶ ቀሪውንም ማንበብ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ነው የደንገጎ ዳገት፣ የሐረማያና የአወዳይ መንገድ፣ የአየሩም ለውጥ የሚመጣው፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በቲሸርት ወጥቶ ማታ ሐረር ላይ የሚንቀጠቀጥ እንግዳ ብዙ ነው። ታሪፉን ከሌላ ገጽ አይቅዱ፤ መናኸሪያ ሄደው ከረዳቱ ይጠይቁ፣ የጠየቁበትንም ቀን ከጽሑፉ ግርጌ «ይህ መረጃ የተጣራው በዚህ ቀን ነው» ብለው ይጻፉ። ታሪፉ ሲለወጥ አዲስ ጽሑፍ ሳያወጡ እዚያው ላይ ያርሙ።

ይህ የማረም ነገር በተለይ በየዓመቱ ለሚመላለሱ ጉዳዮች ዋነኛ ነው። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይከበራል፤ ከመላ አገሪቱ የሚመጣው ምእመን ከፊሉ በድሬዳዋ በኩል ስለሚያልፍ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ማረፊያ የሚጠይቀው ከበዓሉ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። በበዓሉ ዋዜማ የወጣ ጽሑፍ፣ ያውም አዲስ ብሎግ ላይ ከሆነ፣ ጎግል ሳይመዘግበው በዓሉ ያልፋል። የሐረሪዎች ሸዋል ዒድ በዓልም እንዲሁ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ የሚፈልገው ሰው የሰፋ ሲሆን፣ ቀኑ የጨረቃን አቆጣጠር ስለሚከተል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፤ ስለዚህ «ዘንድሮ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ አዲስ ነው። ብዙዎች «የ2016 ሸዋል ዒድ»፣ «የ2017 ሸዋል ዒድ» እያሉ በየዓመቱ አዲስ ገጽ ይከፍታሉ፤ ውጤቱም እርስ በርሳቸው የሚሻሙ በርካታ ደካማ ገጾች ናቸው። አድራሻው ላይ ዓመት የሌለበት አንድ ገጽ ይክፈቱ፤ በየዓመቱ ቀኑን፣ መርሐ ግብሩንና ፎቶግራፉን ያድሱበት። ገጹ እያረጀ በሄደ ቁጥር የሚያገኛቸው ሊንኮች እዚያው ይከማቻሉ።

ሌላ የትም የማይገኝ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው እሱን ነው። ለገሃር የሠሩ፣ በፈረንሳይኛ ትእዛዝ እየተቀበሉ ያደጉ የባቡር ጡረተኞች ዛሬም ከዚራ ውስጥ አሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት ሲመጣ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከእናታቸው የወረሱትን ቦታ ይዘው የሚነግዱ እናቶች አሉ። የእነዚህን ሰዎች ቃል፣ በፈቃዳቸው፣ በጥንቃቄ መዝግቦ ማውጣት በፍለጋ ብዛት አይለካም፤ ወዲያውም ብዙ ሰው አያመጣም። ነገር ግን በውጭ አገር ያለው የድሬ ልጅ ለወዳጁ የሚልከው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ተመራማሪም የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። በወር አንድ ከቻሉ በቂ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ በአማርኛ የሚጽፉ ጦማሪያን አንባቢ ከሚያጡባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ እዚህ ናቸውና። «ሐረር» እና «ሀረር» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ»፣ «ጀጎል» እና «ጁገል»፣ «ሸዋል ዒድ» እና «ሸዋል ኢድ» እንዲሁ። መፈለጊያዎቹ እነዚህን ሁልጊዜ አንድ አድርገው አያዩአቸውም። መፍትሔው በአንድ ገጽ ላይ አራቱንም አጻጻፍ መደርደር አይደለም፤ ያ ለአንባቢ የሚያስቀይም ከመሆኑም በላይ በጎግል ዘንድ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። አንዱን አጻጻፍ መርጠው በመላው ብሎግ ይጽኑበት፤ ሌላውን ደግሞ ሰዎች በብዛት የሚፈልጉት ሆኖ ካገኙት በፎቶግራፍ መግለጫ ላይ ወይም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በተፈጥሮው አንድ ጊዜ ያስገቡት። ሰዎች የትኛውን እንደሚጽፉ ለማወቅ የጎግል ሰርች ኮንሶልን ከብሎግዎ ጋር ያገናኙ። ነፃ ነው፤ ገጽዎ በየትኞቹ የፍለጋ ቃላት እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደሚወጣ የአሥራ ስድስት ወር መረጃ ይሰጣል። አንድ ዓመት ሲጽፉ ይህን አለመክፈትዎ በጨለማ መሥራት ነው። እዚያ ውስጥ በተለይ ብዙ ጊዜ ታይተው ጥቂት ጊዜ ብቻ የተነኩትን ገጾች ይፈልጉ፤ እነሱ ርዕሳቸው ቢስተካከል ቶሎ የሚሻሻሉ ናቸው። የፊደላችን ቅርጽ ሰፋ ያለ ስለሆነ የጎግል የውጤት ገጽ ከአማርኛ ርዕስ የሚያሳየው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው፤ ዋናውን ቃል ከርዕሱ መጀመሪያ ላይ ያድርጉት።

የገጹ አድራሻም ችግር አለበት። ብሎገር በተባለው የጎግል የብሎግ አገልግሎት ላይ በአማርኛ ርዕስ ብቻ ካወጡ፣ አገልግሎቱ የግዕዝ ፊደሉን ስለሚጥለው ገጹ «ብሎግ ፖስት» ከሚሉ የላቲን ቃላትና ከቁጥር የተሠራ ምንም የማይናገር አድራሻ ይይዛል። ዎርድፕሬስ በተባለው ሌላ የብሎግ አገልግሎት ላይ ደግሞ የአማርኛው አድራሻ ሲቀዳ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ወዳለው ኮድ ስለሚቀየር፣ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ሦስት መስመር የሞላ የማይነበብ ነገር ይሆናል፤ ተቀባዩም ቫይረስ ይመስለውና አይነካውም። ከማተምዎ በፊት አድራሻውን በራስዎ እጅ በላቲን ፊደል አጭር አድርገው ይጻፉ፤ አንዴ ከታተመ በኋላ ግን አይቀይሩት፤ ቀድሞ የተላከው ሊንክ ሁሉ ይሰበራልና።

በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ቅርጸ ፊደል የተተየበ ጽሑፍ ካለዎት በቀጥታ ቀድተው አይለጥፉ። ያ አጻጻፍ ከዩኒኮድ (ዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት የነበረ አሠራር ስለሆነ በሌላ ሰው ስልክ ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ቀላሉ መፈተኛ ጽሑፉን ለራስዎ በቴሌግራም መላክ ነው፤ እዚያ በትክክል ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። አራት ነጥብም ቢሆን ሁለት ሁለት ነጥቦችን ጎን ለጎን በመምታት ሳይሆን ራሱን ችሎ ባለው ምልክት ይጻፍ፤ ለዓይን ተመሳሳይ ቢመስልም የትርጉምና የንባብ መሣሪያዎች የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ የሚያውቁት በእሱ ነው።

ፎቶግራፍን በሚመለከት በአጭሩ፦ ከስልክ የወጣ ፎቶ እስከ አራትና አምስት ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ አንባቢዎ ደግሞ በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍተው። ስፋቱን ወደ 1,200 ፒክስል ገደማ ዝቅ አድርገው፣ መጠኑንም ከ200 ኪሎባይት በታች አውርደው ይጫኑት። ቁልፍ ቃል እየደረደሩ በገጹ ኮድ ውስጥ መደበቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጎግል ያንን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል፤ ዛሬም በሥልጠና ስም ገንዘብ ተቀብለው የሚያስተምሩት መኖራቸው ይገርመኛል።

ወደ እንግሊዝኛ ልቀይር ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። በእንግሊዝኛ ስለ ሐረር ሲጽፉ የሚወዳደሩት ከዓለም አቀፍ የጉዞ መጽሐፍ አሳታሚዎች፣ ከዊኪፔዲያና ከትልልቅ የጉዞ ድረ ገጾች ጋር ነው፤ በአማርኛ ግን ለብዙ ተግባራዊ ጥያቄዎች መልስ የያዘ ገጽ ጭራሹኑ የለም። የአማርኛ አንባቢ ቁጥሩ አንሶ ቢታይም ሜዳው ክፍት ነው። ለውጭ ቱሪስት የሚጠቅሙ አራት ወይም አምስት ገጾችን፣ ለምሳሌ የበሮቹን ገጽ፣ ለብቻቸው በእንግሊዝኛ ቢያዘጋጁ አልቃወምም፤ ሁለቱን ቋንቋ ግን በአንድ ገጽ ላይ አያደባልቁ፤ መላውን ብሎግም በጎግል ትርጉም ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት በጅምላ አስተርጉመው አይጫኑ። ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ካወጣው ደንብ ወዲህ በብዛት የተመረተና ለአንባቢ አዲስ ነገር የሌለው ጽሑፍ፣ በማሽንም ይሁን በሰው ቢሠራ፣ መላውን ድረ ገጽ ከውጤት ሊያስወጣው ይችላል። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪኛ አቀላጥፈው የሚጽፉ ከሆነ ግን ከእንግሊዝኛው ይልቅ እዚያ ያለው ክፍተት ይበልጥ ሰፊ ነው።

በየግሩፑ ሊንክ መለጠፍ ገበያ መሀል ቆሞ ወረቀት እንደመበተን ነው፤ ብዙ እጅ ይነካዋል፣ ጥቂት ሰው ያነበዋል። ፌስቡክ ሰዎችን ከራሱ ገጽ የሚያስወጣ ሊንክ እንዲስፋፋ ፍላጎት የለውም፤ የግሩፕ አስተዳዳሪዎችም ተደጋጋሚ ለጣፊን ያግዳሉ። በአንጻሩ የራስዎ የቴሌግራም ቻናል ቢኖር የገባው ሰው ፈቅዶ የገባ ነው። ሆኖም ቻናሉን ብሎግ አያድርጉት፤ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ እዚያ ካወጡት በሳምንት ውስጥ በአዳዲስ መልእክቶች ተውጦ ይጠፋል፣ በፍለጋም በቀላሉ አይገኝም። ከጽሑፉ አንድ ጠቃሚ ነገር፣ ለምሳሌ አዲሱን ታሪፍ፣ በሁለት መስመር ጽፈው ሊንኩን ከሥሩ ያድርጉ። ፌስቡክ ላይም ቢሆን ሊንክ ከመጣል ይልቅ ሰው ጥያቄ ጠይቆ ሲያገኙ ጥያቄውን እዚያው መልሰው፣ ዝርዝሩን ለሚፈልግ ብቻ ገጽዎን ይጠቁሙ።

ስለ ገንዘቡ ግልጽ መሆን አለብኝ። በቀን ሠላሳ ሰው ማለት በወር ዘጠኝ መቶ ገደማ ነው፤ በዚህ ቁጥር ምንም ዓይነት የማስታወቂያ አገልግሎት ትርጉም ያለው ክፍያ አይሰጥም። አድሴንስ፣ ማለትም የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት፣ የሚከፍለው ሂሳብዎ 100 ዶላር ሲደርስ ነው፤ 10 ዶላር ሲደርስ ደግሞ አድራሻዎን ለማረጋገጥ የሚስጥር ቁጥር በፖስታ ይልካል። እኛ አገር ደብዳቤ በቤት ቁጥር ስለማይታደል፣ የፖስታ ሳጥን የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። በተጨማሪም አገልግሎቱ የሚደግፋቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር በእገዛ ገጹ ላይ ያወጣልና ከማመልከትዎ በፊት ያመሳክሩ። ጓደኞችዎ ማስታወቂያውን እንዲነኩልዎ ፈጽሞ አይጠይቁ፤ የሚታወቅ ጥፋት ነው፣ ሂሳቡም ይዘጋል። የሚቀርበው የገቢ መንገድ ከከተማው ነው። የሐረር አስጎብኚ፣ የከዚራ እንግዳ ማረፊያ፣ ቡና የሚያሽግ ነጋዴ፣ ገጽዎ ትክክለኛዎቹን ሰዎች እንደሚያመጣ ካየ በወር የተወሰነ ብር በቴሌብር ቢከፍል አይጎዳም። ይህም ቢሆን በተወሰነ ርዕስ ላይ የታወቁ ገጾች ሳይኖሩዎት አይሆንም፤ ተከፍሎበት የወጣውን ሁሉ ደግሞ «ማስታወቂያ» ብለው በግልጽ ይለዩ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች ይቀራሉ። ከኢንተርኔት ያገኙትን ፎቶ «ምንጭ፦ ጎግል» ብሎ መለጠፍ ፈቃድ አይሆንም፤ ፎቶግራፍ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። በጀጎል መንገዶችና በሐረሪ ቤቶች ውስጥ ሰው ሲያነሱ፣ በተለይ እናቶችን፣ አስቀድመው ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉም ይተዉ። በእንዲህ ያለ ብዙ ሃይማኖትና ብሔር በአንድ ግቢ በሚኖርበት አካባቢ ያልተጣራ ወሬ ማውጣት ሰው ይጎዳል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም በእርስዎ ብሎግ ላይ ይሠራል። ጽሑፎችዎንም በየወሩ ወደ ኮምፒውተርዎ አውርደው ያስቀምጡ፤ የኢሜይል ሂሳቡ የጠፋበት ጦማሪ ብሎጉም አብሮ ይጠፋበታል።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ መጻፉን ያቁሙ። የመጀመሪያውን ወር ሰርች ኮንሶልን ለማገናኘትና ያሉትን ጽሑፎች ለማጽዳት ይጠቀሙበት፤ ስለ አንድ ጉዳይ አምስት አጫጭር ጽሑፎች ካሉ አንድ ያድርጓቸው፣ ከሌላ የተገለበጡትን ያስወግዱ። ከዚያ በሳምንት አንድ፣ ካልተቻለም በሁለት ሳምንት አንድ፣ ሄደው ያጣሩትን ጽሑፍ ያውጡ፤ በቅድሚያ የሚኒባሱን፣ የአዲሱን ባቡር ጣቢያና የበሮቹን ገጽ። ከአድሴንስ ጋር ቢያንስ አንድ ዓመት አይነካኩ። ዶሜይን (የራስዎ የሆነ የድረ ገጽ ስም) መግዛት የሚበጀው ሥራው በዚህ መንገድ ስድስት ወር ከቀጠለ ብቻ ነው፤ ብሎገር የራስዎን ዶሜይን በኋላ ለማገናኘት ስለሚፈቅድ መቸኮል አያስፈልግም።

ውጤቱን በሁለት ሳምንት አይለኩት። ጎግል ራሱ አንዳንድ ለውጦች ለመታየት ብዙ ወራት እንደሚፈጁ ይናገራል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ወር የሚመለከቱት የጎብኚውን ቁጥር ሳይሆን ገጾችዎ በፍለጋ ውጤት ላይ የታዩበትን ብዛት ነው። እሱ እየጨመረ ጎብኚው ካልጨመረ ችግሩ ርዕሱ ላይ ነው፤ እሱም ካልጨመረ የመረጡት ጥያቄ ፈላጊ የለውም ማለት ነውና ወደ ሌላ ይሂዱ። የቁልቢው ገጽ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ለታኅሣሡ ንግሥ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ ለሐምሌው ደግሞ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ወጥቶ መገኘት አለበት።